ጥያቄ በጥያቄ ውስጥ ሲገባ

ጉና ተራራ ሥር፣ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ገሳይ፣ መኪና የሚጠብቅ ሰው ረዳቱን «መኪናው መቼ ነው የሚነሳው?» ይለዋል። አጠገቡ ለቆሙት አዛውንት ግን «አባቴ፣ መኪናው መቼ እንደሚነሳ ያውቃሉ?» ይላል። እንግሊዝኛም እንዲሁ ጥያቄን የማለስለሻ መንገድ አለው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚከታተለው ተማሪያችን በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥታው «ዌን ዳዝ ዘ ባስ ሊቭ?» ነው። ተማሪው ትሕትና ሊጨምርበት ሲል «ዱ ዩ ኖው ዌን ዳዝ ዘ ባስ ሊቭ?» ይላል። ስሕተቱ የስንፍና አይደለም፤ እንዲያውም የትጋት ነው። አማርኛ ለመጠየቅ የቃላቱን ተራ አያናጋም፤ እንግሊዝኛ ግን ረዳት ግሡን ከባለቤቱ ፊት ያወጣል። ይህን ለመልመድ ብዙ የደከመ ልጅ፣ የለመደውን የማያስፈልግበት ቦታም ይዞት ይገባል። ስለዚህ መምህሩ ባይቆጣው እመርጣለሁ።

የጠያቂነቱን ሥራ «ዱ ዩ ኖው» ጨርሶታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወደ ተራ ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። «ዳዝ» ይወጣና «ዝ»ው ግሡ ላይ ይለጠፋል፦ «ዱ ዩ ኖው ዌን ዘ ባስ ሊቭዝ?»። «ዲድ» ሲወጣ ደግሞ የኃላፊ ጊዜውን ለግሡ ያስረክባል፤ «ዌር ዲድ ሺ ጎ?» የነበረው «ዱ ዩ ኖው ዌር ሺ ዌንት?» ይሆናል።

«ዌር ኢዝ ዘ ክሊኒክ?» ሲለሰልስ «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ክሊኒክ ኢዝ?» ነው። «ኢዝ» እንደኛ ማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ስላረፈ አማርኛ ተናጋሪ ጆሮው ቶሎ ይቀበለዋል። እዚያ ቦታ ግን ከባለቤቱ ጋር ተጣብቆ አያጥርም፤ ሙሉውን መጠራት አለበት።

«መቼ»፣ «የት» የሚል መጠይቅ ከሌለ «ኢፍ» ይገባል፦ «ዱ ዩ ኖው ኢፍ ዘ ባስ ኢዝ ፉል?»፤ መኪናው ሞልቶ እንደሆነ ያውቃሉ? እንደማለት ነው።

የተጠራጠረ ተማሪ ከመጠይቁ ቃል ቀጥሎ ያለውን ብቻ ነጥሎ ያንብበው። «ዘ ባስ ሊቭዝ» ራሱን ችሎ ይቆማል፤ «ዳዝ ዘ ባስ ሊቭ» ግን መልስ ይጠብቃል።

አየርላንድ ውስጥ በንግግር እዚህም ላይ የቀጥታውን ጥያቄ ተራ የሚጠቀሙ አሉ። ለፈተናና ለማመልከቻ ግን መደበኛው ይሻላል። ሥርዓተ ነጥቡም የመጀመሪያውን ክፍል ይከተላል፤ «አይ ዎንደር ዌር ሺ ኢዝ» በነጥብ እንጂ በጥያቄ ምልክት አይዘጋም።