ሙቀቱ አይደለም የጨመደደው

ፒ ቪ እኩል ይሆናል ኤን አር ቲ። ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሁሉ በቃሉ ይላታል። ግፊት በይዘት ሲባዛ ከሞል ብዛት፣ ከአር እና ከመጠነ ሙቀት ብዜት ጋር እኩል ነው፤ አር 8.314 የሆነች ቋሚ ቁጥር ናት። ትውውቁ ይኸው ነው። እኔን የሚቆጨኝ ይህች አጭር ቀመር ለፈተና ተሸምድዳ፣ ፈተናው ሲያልፍ አብራ መረሳቷ ነው። የመኪና ጎማ፣ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ የሞተር ሲሊንደር፣ የክፍል አየር፣ ሁሉንም ታሰላለች። ጋዙ ናይትሮጅን ይሁን ሂሊየም እንኳ አትጠይቅም።

የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ግፊትንም መጠነ ሙቀትንም ከእውነተኛው ዜሮ ጀምራችሁ ለኩ። የጋዝ ጥያቄ ሲበላሽ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ከመጠነ ሙቀቱ ልጀምር። ጋዝ ይዘቱ ሳይለወጥ ከ10 ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ ግፊቱ ስንት ይሆናል ሲባል፣ “እጥፍ” የሚል ተማሪ አይጠፋም። የሴልሺየስ ዜሮ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነጥብ ነው እንጂ ሙቀት ያለቀበት አይደለም። በእሱ ማባዛትና ማካፈል ዕድሜን ከሠርግ ቀን ጀምሮ እንደ መቁጠር ነው፤ በትዳር 20 ዓመት የቆየ 10 ዓመት ከቆየው በዕድሜ እጥፍ አይሆንም። በኬልቪን ጥያቄው ከ283 ወደ 293 ነው፤ ግፊቱ የሚጨምረው 3.5 በመቶ ብቻ ነው።

ይህ ዜሮ በኋላ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም፤ ከቀመሯ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ግፊትና ይዘትን፣ ጌይ ሉሳክ በ1802 ይዘትና ሙቀትን አገናኙ። ሁለቱን በአንድ መስመር የጻፈው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኤሚል ክላፔሮን ነው፣ በ1834። የጻፈው “ቲ” ብሎ ሳይሆን “267 ሲደመር ቲ” ብሎ ነበር። ዛሬ 273 የምንለውን ያኔ የነበረው ልኬት 267 አድርጎት ነው። ቁጥሩ በስድስት ቢጎድልም ሐሳቡ ያው ነበር፦ ከውሃ በረዶ በታች ብዙ ርቆ ሌላ ዜሮ አለ።

የግፊቱ ዜሮ ደግሞ ይበልጥ ይደበቃል። የጎማ መለኪያ የሚነግራችሁ ጎማው ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ዜሮ ሲል ውስጡ ባዶ ነው ማለቱ አይደለም፤ እኩል ነው ማለቱ ነው።

ወደ ሰመራ በሚወርድ አውቶቡስ ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አዲስ አበባ ላይ ጠጥቼ ጨርሼ ክዳኑን አጥብቄ የዘጋሁት የአንድ ሊትር ሃይላንድ አፋር ስንደርስ ጎኑ ገብቶ ተጨማዶ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አባት አዩትና “ልጄ፣ ሙቀቱ እኮ ነው የጨመደደው” አሉኝ። “አይ አባባ፣ ሙቀቱስ ሊነፋው ነበር፤ የጨመደደው ቁልቁለቱ ነው” አልኳቸው። ክዳኑን ስከፍተው አየር ሲስብ ሁለታችንም ሰማን።

እናስላው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች አየሯ የሚገፋው በ77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ሰመራ ዝቅ ያለች ናትና 96 ገደማ ይደርሳል። ክዳኑ የተዘጋው በ20 ዲግሪ ወይም በ293 ኬልቪን ነው እንበል፤ በውስጡ 0.03 ሞል ያህል አየር ተዘግቶበታል። ሰመራ ላይ 38 ዲግሪ ወይም 311 ኬልቪን ሆነ። ክዳኑ ስላልተከፈተ ኤን አልተለወጠም። ፕላስቲኩ ስስ ነው፤ ውስጡ ከውጭው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ ይሸነፋል። አዲሱ ይዘት 1 ሊትር ሲባዛ በ77 ለ96፣ ሲባዛ በ311 ለ293፣ ማለትም 0.85 ሊትር ነው። ቁልቁለቱ ብቻውን ቢሆን 0.80 ባደረሰው ነበር፤ ሙቀቱ ግማሽ ብርጭቆ እንኳ የማይሞላ አየር ያህል መለሰለት። በጎማ መለኪያ ዓይን ብናየው ግን ጠርሙሱ አዲስ አበባም ዜሮ፣ ሰመራም ዜሮ ነው። ዜሮን ለዜሮ አካፍሎ የሚገኝ መልስ የለም።

ጎማ ላይ ስህተቱ ስለማይጮህ ብዙ ሰው ያልፈዋል። አዲስ አበባ ጠዋት በ12 ዲግሪ 2.2 ባር የተነፋ ጎማ፣ የውጭው አየር ሲደመርበት፣ በውስጡ ያለው 2.97 ባር ነው። መንገድ ላይ 62 ዲግሪ ቢደርስ ወደ 3.49 ይወጣል፤ ሰመራ ላይ የውጭውን 0.96 ስትቀንሱ መለኪያው 2.53 ያሳያል። የውጭውን አየር የዘነጋ ሰው 2.59 ያገኛል፤ ስለተቀራረበ ትክክል የሠራ ይመስለዋል። በሴልሺየስ ያባዛው ግን ከ11 ባር በላይ ያወጣል፤ ይህን ጽፎ ሳይደነግጥ ወደሚቀጥለው ጥያቄ የሚያልፍ ተማሪ ያናድደኛል። እባካችሁ፣ መልሳችሁን አንድ ጊዜ እዩት።

ሌላው ቸልተኝነት ቀመሯን የማትችለውን መጠየቅ ነው። ጋዙ መነሻው ላይና መድረሻው ላይ ምን እንደሆነ ትናገራለች፤ በየት በኩል እንደሄደ ግን አታውቅም። የተሠራውን ሥራ ለማስላት መንገዱን ማወቅ ግድ ነው። የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ጫፉ እንደሚግል ያውቃል፦ በፍጥነት ስንገፋ ሙቀቱ ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፣ ስለዚህ ቲ ቋሚ ነው ብሎ መነሳት አያዋጣም።

ኦክስጅን ላይ ግን ቀመሯ ተመልሳ ታስደስተናለች። 40 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር 150 ባር ካሳየ 6,000 ሊትር ያህል ኦክስጅን አለው፤ በደቂቃ 5 ሊትር ለሚወስድ ሕመምተኛ 20 ሰዓት ገደማ ይበቃል። ግፊቱ በግማሽ ሲወርድ የቀረውም ግማሽ ነው። ይህን ስሌት ቡታጋዝ ላይ አትሞክሩት። እዚያ ውስጥ ያለው አብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ ጋዙ በወጣ ቁጥር ፈሳሹ እየተነነ ይተካዋል፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክታልቅ ግፊቱ እምብዛም አይወርድም። የቀረውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሲሊንደሩን መዝኑና ላዩ ላይ የተመታውን የባዶውን ክብደት ቀንሱ።