አንድ መንገድ ወይስ ሰፊ ዓለም?

ድባብን በሚገነቡ የቪዲዮ ጌሞች ውስጥ ታሪክ በሁለት ዓይነት አካሄድ ይነገራል። በአንዱ መንገዱን ሠሪው አስቀድሞ ይወስናል። በአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ በተሠራው «ኩኩሉ» ጌም ዶሮዋ የምትሮጠው ወደፊት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ሜትሮ 2033» ደግሞ ተጫዋቹን በሞስኮ የምድር ባቡር ዋሻዎች ይመራል፤ የጋዝ ጭምብሉ ማጣሪያ ሲያልቅ ትንፋሹ ይከብዳል፣ ሲመታም መስታወቱ ይሰነጠቃል። ፍርሃቱ የት እንደሚመጣ ሠሪው ስለሚያውቅ ጨለማውንና ድምፁን በልኩ ያዘጋጃል።

በ2007 የወጣው «ስቶከር» ግን ተጫዋቹን ቸርኖቤል አካባቢ ይለቀዋል። አውሬዎችና ታጣቂዎች እርሱ ባያያቸውም በራሳቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ስለዚህ አደጋው ባልታሰበ ሰዓት ይደርሳል። በአንጻሩ ዋናው ታሪክ በየመንገዱ ይላላል።

«ሜትሮ ኤክሶደስ» በ2019 ሁለቱን አቀላቀለ፤ የቮልጋን ሰፊ ሜዳ በባቡር ጉዞና በጠባብ ምዕራፎች አገናኘ። ታሪኩ እንዳይላላ ለሚፈልግ ሠሪ የሚሻለው ይኸው ቅይጥ መንገድ ነው።