ስለ ጋብቻ መዝገብ

ሠርግ የሚደግሱ ሰዎች ዳሱንና ጠጁን አስቀድመው ያሰናዳሉ፤ መዝገቡን ግን ይረሳሉ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ እንደሚያዘው፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚጋቡ ወንድና ሴት ሐሳባቸውን ከአንድ ወር በፊት ለሹሙ ማስታወቅ ይገባቸዋል፤ ይህም የሚቃወም ቢኖር በጊዜው እንዲቀርብ ነው። ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው፤ ፈቃዳቸውም የገዛ ራሳቸው መሆን አለበት። በዕለቱም በየወገናቸው ሁለት ሁለት ምስክሮች ይቆማሉ።

በተክሊል የተጋቡትም፤ ጋብቻቸው በሕግ ፊት የጸና ቢሆንም፤ ከመመዝገብ አይቀሩም፤ ይህንንም የነፍስ አባቶች ለልጆቻቸው ቢነግሩ ከሹም ቃል ይልቅ ይሰማል። ባሏ የሞተባት ሴት የጋብቻ ወረቀት ከሌላት፤ በዘመድና በጎረቤት ዘንድ ሚስት ተብላ መኖርዋን በፍርድ ቤት በምስክር ልታስረዳ ትገደዳለች። ሠርጉን ያዩት ሽማግሌዎች ያለፉ እንደ ሆነ ግን፤ ውርሱ ሳይከፈል ልጆቹ ያድጋሉ።