ፓፍ ፈርቶ ክኒን የሚውጥ ሰው

ሩዝ ታጭዶ ውቂያ ሲጀመር ከዋገጠራ፣ ከናበጋና ከሺና ቀበሌዎች የሚመጣው ሳል ይበዛል። ሜዳው ላይ የገለባ ብናኝ፣ ቤት ውስጥ የኩበት ጭስ። አስም ያለበት ሰው በዚህ ሰሞን ደረቱ ሲር ሲር ሳይል አይከርምም። ወረታ ላይ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ የምሰማውም በየዓመቱ ያው ነው፦ «ዶክተር፣ ፓፉ ይቅርብኝ፣ ክኒኑን ስጠኝ። ፓፍ ሱስ ያስይዛል አሉ።» (ፋርማሲስት ነኝ ብል የሚሰማኝ የለም።)

አያስይዝም። ይልቅ ሂሳቡን እንየው። የሳልቡታሞል ፓፍ አንዴ ሲጫን የሚሰጠው 100 ማይክሮግራም ነው። ክኒኑ 4 ሚሊግራም፣ ማለትም 4,000 ማይክሮግራም። ፓፉን የፈራው ሰው የ40 ፓፍ ያህል በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጠ ማለት ነው። ፓፉ ሳንባ ላይ ስለሚያርፍ ጥቂቱ ይበቃል። ክኒኑ ግን በሆድና በደም ዞሮ ነው የሚደርሰው፤ እግረ መንገዱን እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብን ድው ድው ያሰኛል። ጫት ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል።

ይሁንና ሳልቡታሞል የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ ከሥር ያለውን ብግነት አያበርድም። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለአዋቂ እሱን ብቻውን መስጠት አይመክርም። ብግነቱን የሚያበርደው የሚሳበው ስቴሮይድ ነው፤ ለምሳሌ ቤክሎሜታሶን። ወዲያው እፎይ ስለማያሰኝ «አልሠራልኝም» ተብሎ ይጣላል። የስቴሮይዱ ጉዳት አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ማውጣት፣ ድምፅ ማጎርነን ነው፤ ከሳባችሁ በኋላ ተጉመጥምጣችሁ ትፉት።

መጫኑና መሳቡ አልገጥም ለሚለው ልጅ የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አለላችሁ። ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ትበሱታላችሁ፣ ፓፉን ሰክታችሁ ዙሪያውን አየር እንዳያስወጣ በሙጫ ትደፍናላችሁ፣ ልጁ በጠርሙሱ አፍ በኩል ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ኬፕታውን ተሠርቶ በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ይህ ጠርሙስ ለዚሁ ተሠርቶ ከሚሸጠው ዕቃ እንደማያንስ አሳይቷል።

እኔን የሚያስፈራኝ ማንም የማይፈራው ነው፦ የሚዋጠውና የሚወጋው ስቴሮይድ፣ ማለትም ፕሬድኒሶሎን ክኒንና ዴክሳሜታሶን መርፌ። ለተነሳ አስም ሐኪም ለአምስት፣ ለሰባት ቀን ፕሬድኒሶሎን ቢያዝ ልክ ነው፤ ነፍስ ያድናል። ጣጣው በዚያው አሮጌ ማዘዣ ደረት በያዘ ቁጥር እየገዙ ሲከርሙ ነው። ወራት ሲዘልቅ ፊት ይነፋል («ተስማማኝ፣ ወፈርኩ» የሚል አለ)፣ ስኳርና ግፊት ይወጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ተኝቶ የኖረ ቲቢ ይነሳል። ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት ስለሚተው ድንገት ማቆሙም አደጋ ነው፤ በሐኪም፣ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

ቲቢ ካልን፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል መጀመሪያ አክታ ይመርመር። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ለተለመደው ቲቢ ስድስት ወር ይወሰዳል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ «ደም ሸናሁ» ብላችሁ እንዳታቋርጡ፣ ምንም አይጎዳም። የዓይን ነጩ ቢጫ ከሆነ ግን ጉበት ነውና፣ ቀይና አረንጓዴ መለየት ካስቸገረም ሌላው የቲቢ መድኃኒት ኤታምቡቶል ነውና በዚያው ቀን ተመለሱ። እስክትጨርሱ አረቄ ይቅር። የእግር ጣት መደንዘዝ ሲጀምር ቫይታሚን ቢ6 ጠይቁ።

ሴቶች ደግሞ ክንዳችሁ ውስጥ የተቀበረ የወሊድ መከላከያ ካለ፣ ወይም ክኒኑን የምትወስዱ ከሆነ፣ የቲቢ መድኃኒቱን ከመጀመራችሁ በፊት ተናገሩ። ሪፋምፒሲን የሁለቱንም ኃይል ይቀንሳል፤ የሦስት ወሩን መርፌ ግን አይነካውም።