ገመዱ፣ እባቡና ሦስቱ ሮቢቶች

ሮቢት የሚባል ከተማ አገራችን ውስጥ አንድ ብቻ አይደለም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በማረሚያ ቤቱ ስሙ የሚነሣው ሸዋ ሮቢት አለ። ራያ ቆቦ ወረዳ ውስጥም ሌላ ሮቢት አለ። በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ፣ ደግሞ ጨፋ ሮቢት ይገኛል። የአገሩ ሰው በዚህ አይደናገርም። መናኸሪያ ላይ «ሮቢት! ሮቢት!» የሚል ጥሪ ሲሰማ የትኛው እንደሆነ ከአውቶቡሱ መነሻና ከረዳቱ ፊት ያውቃል፤ ካላወቀም «የትኛው ሮቢት?» ብሎ ይጠይቃል።

ዓለምን ከጽሑፍ ብቻ የተማረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን የሚጠይቀው ረዳት የለውም። ስለ ጨፋ ሮቢት የተጻፈው ጥቂት ነው። እንዲህ ስላለ ቦታ የተጠየቀ ቻትቦት ማረሚያ ቤቱን ከሸዋ ሮቢት፣ ሜዳውን ከራያ ቆቦ፣ ገበያውን ከባቲ አንሥቶ አንድ ሙሉ ከተማ ሊሠራ ይችላል። ማረሚያ ቤቱ በእውን አለ፤ ሜዳውም ገበያውም አሉ። ሦስቱን አንድ ላይ የያዘች ከተማ ግን የለችም። መልሱም ቢሆን አይንተባተብም፤ አፉን ሞልቶ ይናገራል።

የሙያው ሰዎች ይህን ጠባይ «ቅዠት» ይሉታል። የሕንድን ፍልስፍና የቀመሱ ጸሐፊዎች ደግሞ «ማያ» ከሚባለው፣ ሂንዱዎች ዓለምን ከልሎ ሌላ አስመስሎ ያሳያል ከሚሉት ኃይል ጋር ያመሳስሉታል። ንጽጽሩ ሲሰሙት የሻይ ቤት ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን የሕንድ ሊቃውንት ከሺህ ዓመት በላይ የተከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ፦ ሰው ሲሳሳት የሚያየው ነገር ምንድን ነው? ክርክራቸው የዛሬውን መሣሪያ ለመረዳት ከ«ቅዠት» የተሻለ ያግዛል።

በጣም የታወቀው ምሳሌያቸው የገመዱ ነው። ሰውየው በድንግዝግዝ መንገድ ላይ የተጠቀለለ ገመድ አይቶ እባብ ይመስለዋል፤ ይደነግጣል፣ ወደኋላ ይላል፣ ላብ ያጠምቀዋል። መብራት ሲመጣ እባቡ የለም። እ.ኤ.አ. በ8ኛው ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚታመነው የአድቫይታ ቬዳንታ ሊቅ ሻንካራ ስሕተትን ያስረዳው በዚህ መንገድ ነው፤ ቀድሞ ሌላ ቦታ የታየ ነገር በትዝታ ተመልሶ በፊት ለፊቱ ነገር ላይ ይደረባል። እባብ አይቶ የማያውቅ ሰው ገመዱን እባብ ሊያደርገው አይችልም። በረሃ ላይ ውሃ መስሎ የሚታየው ነጸብራቅም የዚሁ የአስተሳሰብ ጎራ የዘወትር ምሳሌ ነው። ይኸኛው ምስል ለጨፋ አንባቢ እንግዳ አይሆንም፤ በቁርኣን የአን-ኑር ምዕራፍ 39ኛ አንቀጽም የተጠማ ሰው ውሃ መስሎት ስለሚሄድበት ነጸብራቅ ይናገራል።

ሁሉም በሻንካራ አልተስማሙም። በሎጂክ የታወቁት የኒያያ ሊቃውንት ምሳሌያቸው ዛጎል ነው። ሰውየው ባሕር ዳርቻ ላይ የሚያብረቀርቅ ዛጎል አይቶ «ይህ ብር ነው» ይላል። እንደ ኒያያዎች ብሩ ፈጠራ አይደለም፤ ገበያ ላይ፣ ወርቅ ቤት ውስጥ በእርግጥ አለ። ስሕተቱ ቦታው ላይ ነው፤ የሌላ ቦታው እዚህ ታየ። ፕራባካራ የተባለው የሚማንሳ ሊቅ ደግሞ ከዚህም ወጣ ያለ ነገር አለ። ለእሱ የሐሰት ዕውቀት የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። «ይህ» የሚለው የዓይን ሥራ ነው፤ «ብር» የሚለው የትዝታ ሥራ ነው፤ ሁለቱም በየራሳቸው ትክክል ናቸው። ሰውየው የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የትኛው የዓይን፣ የትኛው የትዝታ እንደሆነ አልለየም።

ፕራባካራ ኮምፒውተር አላየም፤ የቻት ጂፒቲን ጉድለት ግን ከብዙ የዘመኑ ጸሐፊ አጥርቶ የገለጸ ይመስላል። የቋንቋ ሞዴል የሚሠራው ከብዙ ቢሊዮን ቃላት ላይ የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ተምሮ ነው። ሲማር ያነበበውን መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጠውም፤ ገጽና ምንጭ ይዞ አይቆይም። የሚቀረው ቃላት እርስ በርሳቸው ያላቸው ዝምድና በቁጥር ተመዝግቦ ነው። ጥያቄ ሲመጣለት ጥያቄው ፊት ለፊቱ አለ፤ መልሱ ከትዝታው ይመጣል። ጠያቂው የሰጠውን መረጃ፣ ድሮ ያነበበውንና በአጠገብ ያለ ስለመሰለው ብቻ የመጣውን ቃል ሁሉንም በአንድ ቀለም ይጽፋቸዋል። «ጨፋ ሮቢት» ከጠያቂው፣ «ማረሚያ ቤት» ከትዝታ መጡ፤ በመካከላቸው ግን ምልክት የለም።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። አንድ መንገደኛ አቪያንካ የተባለውን አየር መንገድ ከሶ ነበር። ጠበቆቹ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ያስገቡት ጽሑፍ ቻት ጂፒቲ የሰጣቸውን ስድስት የፍርድ ውሳኔዎች ይጠቅሳል። ስድስቱም የሉም። የዳኞች ስም፣ የአየር መንገዶች ስም፣ የመዝገብ ቁጥር አጻጻፍ ግን የእውነተኛ መዝገብ መልክ ነበረው። ዳኛ ኬቪን ካስቴል በሰኔ ወር የ5 ሺህ ዶላር ቅጣት ጣሉ። የኒያያ ሊቅ ቢጠየቅ «ብሩማ አለ፤ እዚህ አይደለም እንጂ» ሳይል አይቀርም።

መሣሪያው «አላውቅም» ማለት ለምን ያቅተዋል? ቻት ጂፒቲን የሠራው የኦፕን ኤአይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 ባወጡት ጥናት አንዱን ምክንያት አስቀምጠዋል፤ ሞዴሎቹ የሚመዘኑበት መንገድ ግምትን ይሸልማል። ምርጫ ጥያቄ ላይ ባዶ የተወ ዜሮ ያገኛል፤ የገመተ ግን ሊቀናው ይችላል። የአገራችን ተፈታኝ ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም፤ ደወሉ ሲቃረብ ቀሪዎቹን ሁሉ «ሐ» ብሎ የወጣ ስንቱ ነው። ልዩነቱ ተማሪው መገመቱን ማወቁ ነው።

ንጽጽሩ እዚህ ድረስ ያስኬዳል። ከዚህ በላይ የሚገፉት ግን ሁለት ነገር ይደባልቃሉ።

አንደኛው የደረጃ ነገር ነው። ሻንካራና ተከታዮቹ እውነታን በሦስት እርከን ያዩታል፤ ከሥር እንደ ገመዱ እባብ ያለ ፈጽሞ የተሳሳተ መልክ፣ ከዚያ በላይ የምንኖርበት፣ ገመድ ገመድ፣ ከተማም ከተማ የሆነበት ዓለም፣ ከሁሉ በላይ ብራህማን የሚባለው ፍጹም አንድነት። የመጀመሪያው በመብራት ይሻራል፤ ሁለተኛው የሚሻረው በመንፈሳዊ ነጻነት ብቻ ነው ይላሉ። የቻትቦት ስሕተት ከታችኛው እርከን ነው። እሱን ለማረም ከዓለም መመነን አያሻም፤ ከሚሴ ስልክ መደወል ይበቃል። የማሽን ስሕተትን «ማያ» ብሎ ማክበር ለሶፍትዌሩ የማይገባውን ክብር፣ ለሂንዱ ትምህርትም የማይገባውን ቅለት መስጠት ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። እባቡን ያየው ሰውየው ነው፤ የደነገጠውም እሱ ነው። ገመዱ አልተሳሳተም። እንግዲህ ቻትቦቱ የትኛው ነው፣ ሰውየው ወይስ ገመዱ? «ቅዠት» የሚለው ስያሜ ማሽኑን የሚያይና የሚታለል አካል ያደርገዋል። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ትምኒት ገብሩ ከኤሚሊ ቤንደርና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተመችው ጽሑፍ የተለየ ነገር ይላል። እንዲህ ያለ ሞዴል በዕድል ስሌት ቃል የሚያገጣጥም በቀቀን ነው፤ ትርጉም ያለው የሚመስለን እኛ አንባቢዎቹ ትርጉም ስለምንሰጠው ነው። በዚህ ጽሑፍ የተነሣ፣ ገና ሳይታተም፣ ትምኒት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከምትሠራበት ከጉግል ወጥታለች፤ እሷ ተባረርኩ ትላለች፣ ኩባንያው ለቀቀች ይላል። በሕንዶቹ አነጋገር ብናስቀምጠው ማሽኑ ገመዱ ነው። ድንግዝግዙ የአንባቢው ነው።

የሕንድን ሐሳብ ሩቅ አድርጎ የሚያይ አንባቢ ካለ ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት እዚሁ መግባቱን ማስታወስ ይጠቅማል። «በርለዓም ወይዋሴፍ» የተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። ተርጓሚው ዕጨጌ ዕንባቆም ነበሩ፤ ከየመን መጥተው፣ ከእስልምና ወደ ክርስትና ገብተው፣ የደብረ ሊባኖስ አለቃ እስከ መሆን የደረሱ ሰው። መጽሐፉ የሚተርከው አባቱ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ስላሳደገው የሕንድ ልዑል ነው። ልዑሉ አንድ ቀን ወጥቶ የተሰወረበትን ያያል፤ ይመንናል።

ይህ የቡድሃ ታሪክ ነው። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ አገርና በዐረብኛ በኩል አልፎ ክርስቲያን ሆነ። የልዑሉ ስም «ቦዲሳትቫ» በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ተባለ፤ በዐረብኛ ጽሕፈት የቃል መጀመሪያ ላይ «ብ»ን ከ«ይ» የሚለየው አንድ ነጥብ ስለሆነ «ዩዳሳፍ» ሆነ፤ ከዚያ «ይዋሴፍ»። የግሪክና የላቲን አብያተ ክርስቲያናት እንደ ቅዱስ አከበሩት። እዚያው ታሪክ ውስጥ የሚነገረው፣ ጥቁርና ነጭ አይጥ የተንጠለጠለበትን ዛፍ እየገዘገዙበት ማር የሚልሰው ሰው ምሳሌም በሂንዱዎቹ ማሃባራታ ውስጥ ይገኛል። ቁርጥራጩ ሁሉ እውነተኛ፣ ቦታው ግን የተዛወረ፤ የኒያያዎች ዛጎል ማለት ነው። ስለዚህ ለመቀላቀል ማሽን የመጀመሪያው አይደለም፤ ጸሐፊዎችም ቀድመውታል። ልዩነቱ ዱካው ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ምሁራን መጻሕፍቱን ጎን ለጎን ዘርግተው ይዋሴፍን ወደ ቡድሃ መለሱት፤ ነጥቧ የወደቀችበትን ቦታ ሳይቀር አሳዩ። ቻትቦት ማረሚያ ቤቱን ጨፋ ሮቢት ሲያስገባ ግን ጎን ለጎን የሚዘረጋ ብራና የለም።

ስሕተቱ ሁልጊዜ በሳቅ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ፍልስጤማዊ የግንባታ ሠራተኛ ከቡልዶዘር አጠገብ የተነሣውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፎ በዐረብኛ «እንደምን አደራችሁ» የሚል ጽፎበት ነበር። የፌስቡክ አውቶማቲክ ትርጉም በዕብራይስጥ «አጥቋቸው» አለው። የእስራኤል ፖሊስ ሰውየውን አሰረው፤ ከሰዓታት በኋላ ፈታው። ከመታሰሩ በፊት ጽሑፉን ያየ ዐረብኛ አንባቢ መኮንን አልነበረም። ገመዱ ላይ መብራት የሚያበራ ሰው ጠፋ ማለት ነው።

ከሚሴና አካባቢዋ ለዚህ ዓይነቱ ስሕተት የተጋለጡ ናቸው። በዞኑ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛም ይነገራል፤ አርጎቦችም አሉ። በበጋ የቦርከናን ወንዝና የጨፋን ረግረግ ተከትለው ከብት ይዘው ከሚወርዱት መካከል አፋሮች አሉበት። አንድ የገበያ ቀን ላይ አራት ቋንቋ መስማት ብርቅ አይደለም። ማሽኑ የሚያውቃቸው ግን እኩል አይደለም። ጉግል ትራንስሌት አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016፣ አፋን ኦሮሞን በ2022 ጨመረ። አማርኛ ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ አለው፤ እንግሊዝኛው ወደ 7 ሚሊዮን። የኦሮምኛው ከአማርኛውም ያነሰ ነው። የሚነበብ ሲያንስ ትዝታው ከሌላ ቦታ ይዋሳል፤ የወሎ ኦሮምኛ ሲጠየቅ የወለጋውን ወይም የሐረርጌውን መልስ አድርጎ ቢሰጥ አያስገርምም።

አፋርኛ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ጉግል ትራንስሌት ውስጥ ገብቷል። በዚያ ዙር ከተጨመሩት 110 ቋንቋዎች መካከል በጎ ፈቃደኞች ከሁሉም አብልጠው ያገዙት አፋርኛን መሆኑን ኩባንያው ገልጿል፤ ቃሉን፣ ዐረፍተ ነገሩን፣ እርማቱን ተናጋሪዎቹ ሰጡ። አርጎብኛ ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ቋንቋው ለአማርኛ የቀረበ ዘመድ ነው፤ ስለዚህ በአርጎብኛ እንዲጽፍ የታዘዘ ቻትቦት አማርኛን ትንሽ አጣሞ ቢያቀርብ፣ ልዩነቱን ወዲያው ለይቶ «ይህ የእኛ አይደለም» የሚለው አርጎብኛ አፉን የፈታ ሰው ነው።