በኤክሴል መዝገብ ላይ ስለሚሰጡ ትእዛዞች ጥቅምና ጉዳት

ዛሬ በብዙ ወረዳዎች የግብርና ጽሕፈት ቤት የማዳበሪያው፥ የምርጥ ዘሩ፥ የከብት ክትባቱና የገበሬው ስም ዝርዝር የሚያዘው ኤክሴል በተባለው የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ነው። ይህ ሠንጠረዥ ይደምራል፥ ስሞችን በፊደል ተራ ያሰልፋል፥ የተጻፈውንም ይጠብቃል። ሥራውን የሚሠራው ግን አስቀድሞ በተሰጠው ትእዛዝ ነው፤ ይህም ትእዛዝ በዛሬ አነጋገር ቅንብር ይባላል። ከቅንብሮቹ አንዳንዶቹ ጸሐፊውን ከድካም ሲያድኑት፥ በዚያው ጊዜ ሳይጠይቁት መዝገቡን ይለውጡበታል። ስሕተቱም በጽሕፈት ቤቱ ሳይታወቅ ይቀርና ማዳበሪያው በሚታደልበት ቀን በገበሬው ላይ ይገለጣል። ስለዚህ ሹሙ በእጁ ሠንጠረዥ ባይጽፍም እንኳ፥ የሚፈርምበት ዝርዝር እንዴት ተዘጋጅቶ እንደ ቀረበለት ማወቅ ይገባዋል።

አስቀድሞ መነገር የሚገባው የቀን አጻጻፍ ነው፤ በኢትዮጵያ መዝገብ ላይ ከዚህ የበለጠ ጥፋት የሚያመጣ የለምና። ኤክሴል በልማዱ ቀንን የሚያውቀው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። በተዘዋዋሪ መስመር ተለይቶ የተጻፈ ቁጥር ባየ ጊዜ፥ የሚቻለው ሆኖ ካገኘው ወዲያው ወደ ፈረንጅ ቀን ይለውጠዋል። ብዙ ኮምፒውተሮች ደግሞ ወር ከቀን በሚቀድምበት በአሜሪካን ሥርዐት እንደ ተዘጋጁ ይመጣሉ። እንግዲህ ጸሐፊው መስከረም 12 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት ለማለት 12/1/2016 ብሎ ቢጽፍ፥ ኮምፒውተሩ ዲሴምበር 1 ቀን 2016 አድርጎ ይይዘዋል። በማግሥቱ 13/1/2016 ቢጽፍ ዐሥራ ሦስተኛ ወር በፈረንጅ ስለሌለ፥ ይህን እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ስለዚህ የአንድ ወር መዝገብ ለሁለት ይከፈላል፤ እስከ 12 ያሉት ቀኖች የውሸት ቀን ይሆናሉ፥ ከ13 ጀምሮ ያሉት ደግሞ ቀን መሆናቸው ይቀራል። ዝርዝሩ በቀን ተራ ይሰለፍ ቢባል የመጀመሪያዎቹ ወደ ላይ፥ የኋለኞቹ ወደ ታች ይሄዳሉ። ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ይባስ ብሎ ማርች 13 ይሆናል።

ጉዳቱ በስሌት ጊዜ የበለጠ ይታያል። ከብቶቹ ጥቅምት 1 ቀን 2016 ተከትበው ኅዳር 1 ቀን ዳግመኛ የታዩ እንደ ሆነ፥ በመካከሉ ያለው 30 ቀን መሆኑን ማንም ገበሬ ያውቃል። በ1/2/2016 እና በ1/3/2016 የተጻፈውን ኮምፒውተሩ በአሜሪካን ሥርዐት ሲያሰላው ግን 1 ቀን ይላል፤ ቀን ከወር በሚቀድምበት ሥርዐት ቢሆን ደግሞ 29 ቀን ይላል። ሁለቱም ሐሰት ነው። የኮምፒውተሩን የአገር ቅንብር መለወጥ ብቻውን መድኀኒት የማይሆነውም ስለዚህ ነው።

የሚሻለው ቀንን፥ ወርንና ዓመትን በሦስት ዐምድ ለያይቶ እንደ ተራ ቁጥር መጻፍ ነው። ከጳጉሜን በቀር የኢትዮጵያ ወር ሁሉ 30 ቀን መሆኑ በዚህ ጊዜ ለጸሐፊው ትልቅ ዕድል ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ያለውን ልዩነት ለማግኘት የወሮቹን ልዩነት በ30 አባዝቶ የቀኖቹን ልዩነት መደመር ይበቃል። ዓመት የተሻገረ እንደ ሆነ 365 ይጨመራል፤ ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን በመካከሉ ያለፈች እንደ ሆነ 366። ለውጭ አገር የሚላክ መግለጫ ሲሆን ግን ወደ ጎርጎርዮስ መመለሱ አይቀርምና፥ ይህን ሥራ ሁለቱን አቆጣጠር ለሚያውቅ ሰው መስጠት ያሻል።

ወደ ቁጥሮች ሲመጣ፥ የገበሬው ስልክ ቁጥር በ0 የሚጀምር ሲሆን ኤክሴል ይህን ፊተኛ ዜሮ ዋጋ የለውም ብሎ ይጥለዋል። ዐሥራ ሦስት አኃዝ ያለው የባንክ ሒሳብ ቁጥርም በሊቃውንት አጻጻፍ አጥሮ ይታያል፤ ቁጥሩ በውስጥ አልጠፋም፥ ነገር ግን ዝርዝሩ በነጠላ ሰረዝ በሚለይ ተራ ፋይል ተቀምጦ ወደ ባንክ የተላከ እንደ ሆነ አጥሮ የታየው ብቻ ይሄዳል። ከ15 አኃዝ ያለፈ ቁጥር ግን በእውነት ይበላሻል፤ ከዐሥራ አምስተኛው በኋላ ያሉት አኃዞች ሁሉ ዜሮ ይሆናሉ፥ በኋላም የሚመልሳቸው የለም። መድኀኒቱ ከመጻፍ በፊት ዐምዱን «ቴክስት» ወደሚለው ማዞር ነው፤ ከተጻፈ በኋላ ቢዞር የጠፋው አይመለስም።

ይህም መድኀኒት ቢሆን ያለ ጉዳት አይደለም። በጽሑፍ በተቀመጠ ዐምድ ላይ የማዳበሪያ ኩንታል የተጻፈ እንደ ሆነ፥ የድምሩ ቀመር እንደ ቁጥር አይቀበለውምና ድምሩ ዜሮ ይሆናል። ከዚህ የሚከፋው ከፊሉ ጽሑፍ ከፊሉ ቁጥር የሆነ ጊዜ ነው፤ ድምሩ ልክ መስሎ ጎድሎ ይወጣል። ምልክቱ ግን ለዓይን ቀላል ነው፤ ያልተነካ ዐምድ ላይ ቁጥርና ቀን ወደ ቀኝ ሲጠጉ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። የማይክሮሶፍት ኩባንያ በ2023 በፈረንጅ አቆጣጠር ይህን ያለ ፈቃድ መለወጥ የሚከለክል አዲስ ቅንብር ጨምሯል። ቅንብሩ የሚጠቅሳቸው የፊተኛው ዜሮ መጣል፥ ረጅም ቁጥርን ማሳጠር፥ «ኢ» የሚባለው ፊደል ያለበትን ቁጥር መለወጥ፥ ፊደልና ቁጥር የተያያዘበትንም ቃል ቀን ማድረግ ናቸው። በተዘዋዋሪ መስመር የተጻፈው ቀን በዝርዝሩ ስለሌለ፥ በዚህ ቅንብር ተማምኖ ሦስቱን ዐምድ መተው አይገባም።

ከቅንብሮች ሁሉ ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው ግን «ሴት ፕሪሲዥን አዝ ዲስፕሌይድ» የሚባለው ነው፤ ትርጓሜውም በዓይን የሚታየው ቁጥር እንደ እውነተኛው ይቈጠር ማለት ነው። የተፈለገበት ምክንያት አለው። ክፍልፋዩ ተሰውሮ የታየ እንደ ሆነ፥ በዐምዱ የሚታዩት ቁጥሮች በእጅ ሲደመሩ ከታች ካለው ድምር ጋር አይስማሙም፤ ሒሳብ መርማሪም ይህን አይቶ ይጠይቃል። ቅንብሩ ሁለቱን ያስማማል። የሚያስማማው ግን እውነተኛውን ቁጥር አጥፍቶ ነው። ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ 300 ገበሬዎች እያንዳንዳቸው ግማሽ ኩንታል፥ ማለት 0.5 የሚደርሳቸው ቢሆን፥ ክፍልፋይ በማይታይበት ዐምድ ሁሉም 1 ሆነው ይታያሉ፤ ድምሩ ግን 150 ነው። ቅንብሩ ሲታዘዝ እያንዳንዱ በእውነት 1 ይሆናል፥ ድምሩም 300 ይወጣል። ድርሻቸው 40 ኪሎ፥ ማለት 0.4 ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሁሉም ዜሮ ይሆኑና ለቀበሌው ምንም አይታዘዝለትም ነበር። ኤክሴል ይህን ከማድረጉ በፊት አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል ያወጣል፤ የቸኰለ ጸሐፊ ሳያነበው እሺ ይላል። ቅንብሩን በኋላ ቢያነሡት በእጅ የተጻፈው ክፍልፋይ አይመለስም። ስለዚህ በማዳበሪያና በዘር መዝገብ ላይ ይህ ቅንብር ፈጽሞ ባይገባ ይሻላል፤ ክፍልፋዩ በግልጥ እንዲታይ ማድረግ ወይም በኪሎ መጻፍ ይበቃል።

ብዙ ቀመር ያለበት ትልቅ መዝገብ እያንዳንዱ ቁጥር በተጻፈ ቍጥር ሲያሰላ ይዘገያል። ጸሐፊዎች በዚህ ተሰላችተው ስሌቱን «ማኑዋል» ያደርጉታል፤ በታዘዘ ጊዜ ብቻ ያስላ ማለት ነው። ሥራው ይፈጥናል፥ ነገር ግን ቁጥሩ ታርሞ ሳለ አሮጌው ድምር ሊታተም ይችላል። ደግሞም ይህ ትእዛዝ በአንድ ፋይል ብቻ አይወሰንም፤ በመጀመሪያ የተከፈተው መዝገብ ማኑዋል የሆነ እንደ ሆነ በዚያ ጊዜ የሚከፈቱት ሌሎቹም እንዲሁ ይሆናሉ። ስለዚህ ከዞን የመጣ አንድ ፋይል የወረዳውን መዝገብ ሁሉ ያለ ማንም ፈቃድ ስሌቱን ሊያቆምበት ይችላል። ከማተም በፊት «ኤፍ 9» የሚለውን ቍልፍ መጫን ድምሩን ያድሰዋል።

መብራት በሚጠፋበት አገር በየጥቂት ደቂቃ የማዳኛ ቅጂ የሚያስቀምጠው ቅንብር እጅግ ጠቃሚ ነው። ልማዱ በየ10 ደቂቃው ሲሆን ወደ 3 ወይም 5 ቢወርድ መልካም ነው፤ ትልቅ ፋይል በሆነ ጊዜ ግን በየጊዜው ሥራውን ያቋርጣል። ይህ መብራት ወይም ኮምፒውተር በድንገት ሲቋረጥ የሚረዳ እንጂ መዝገቡን ማስቀመጥን የሚተካ አይደለም። በኢንተርኔት በተቀመጡ ፋይሎች ላይ የሚሠራው «አውቶሴቭ» ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ዋናውን ፋይል በየቅጽበቱ ይጽፋል። ያለፈውን ዓመት ዝርዝር ከፍቶ በላዩ የዘንድሮውን የሚጽፍ ሰው፥ በሌላ ስም ሳያስቀምጥ ያለፈው ዓመት ይጠፋበታል። አስቀድሞ ቅጂ ማውጣት ይገባል፤ ይህ ሳይደረግ ቢቀር ግን የቀድሞውን ቅጂ ከፋይሉ ታሪክ ውስጥ መፈለግ ይቻላል።

የራስጌውን ረድፍ ባለበት የሚያቆመው «ፍሪዝ ፔንስ» ጉዳት የሌለው መልካም ነገር ነው። ገጹን በይለፍ ቃል መዝጋት ከስሕተት ይጠብቃል፥ ከተንኰለኛ ግን አይጠብቅም። ፋይሉን ራሱን በይለፍ ቃል መቈለፍ በእውነት ይዘጋዋል፤ ቃሉ የተረሳ እንደ ሆነ ግን ኩባንያውም ቢሆን ሊከፍተው አይችልም። ስለዚህ ቃሉ በታሸገ ወረቀት በሹሙ ካዝና ይቀመጥ።

የፋይሉም ዐይነት ይታይ። እስከ 2007 በፈረንጅ አቆጣጠር ድረስ የነበረው አሮጌው ዐይነት 65,536 ረድፍ ብቻ ይይዛል፤ አዲሱ 1,048,576 ይይዛል። በእንግሊዝ አገር የጤና ባለሥልጣኖች በአሮጌው ዐይነት ሲሠሩ ረድፉ ስለ ሞላ፥ ከመስከረም 15 እስከ 22 ቀን 2013 ዓመተ ምሕረት (በፈረንጅ 2020) በኮሮና በሽታ የተያዙ 15,841 ሰዎች ከየዕለቱ መግለጫ ጐድለው ቀሩ፤ ከእነርሱም ጋር የተገናኙትን መፈለግ ዘገየ። የክልል ቢሮዎች የወረዳዎችን ዝርዝር በአንድ ሲያጠቃልሉ ይህ ቁጥር በቀላሉ ይደረሳል። ፋይሉ በአዲሱ ዐይነት መቀመጡን ማረጋገጥ፥ ከወረዳዎቹ የመጣውንም የስም ብዛት በመጨረሻው ረድፍ ካለው ተራ ቁጥር ጋር ማስተያየት ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም።