ከማይክሮፎኑ በፊት ክፍሉ ይመረጥ

በአዲስ አበባ ድምፅ መቅረጽ የትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ ሥራ መሆኑ ካከተመ ሰነባብቷል። የሬዲዮ ማስታወቂያ አንባቢው፣ ለውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ የሚሰጠው ተዋናይ፣ መጽሐፍ በድምፅ የሚተርከውና ነጠላ ዜማ የሚያወጣው ወጣት ድምፃዊ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ የመኖሪያ ክፍል ይዘው ወደ ገበያው ይገባሉ። ከሦስቱ ሁለቱ ከሱቅ ይገዛሉ፤ ካልተስማሙም ይሸጣሉ። ክፍሉ ግን አንዴ ከተያዘ በኋላ በቀላሉ የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። የብዙዎች ስሕተት የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

የተለመደው አካሄድ ካፒታሉን ማይክሮፎን ላይ ማፍሰስ ነው። ነገር ግን ጥሩ ማይክሮፎን የድምፃዊውን ጉሮሮ ብቻ ሳይሆን የግድግዳውን ማስተጋባት፣ የፍሪጁን ጉርምርምታና የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ጭምር ለቅሞ ይቀርጻል። ከድምፁ ጋር የተቀረጸን ማስተጋባት በሶፍትዌር መቀነስ ቢቻልም የድምፁን ለዛ ይዞት ሊሄድ ይችላል። ደንበኛ ሥራውን «ይደገም» ብሎ ሲመልሰው ደግሞ ኪሳራው የጊዜ ብቻ ሳይሆን የስምም ነው።

በተቃራኒው መኝታ ቤት ለትልቅ ገበያ እንደሚበቃ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአሜሪካዊቷ ቢሊ አይሊሽ አልበም በአመዛኙ የተሠራው ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የወላጆቿ ቤት፣ በወንድሟ መኝታ ክፍል ውስጥ ነበር። ይኸው አልበም በ2020 የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወስዷል።

ሁለት ችግር፣ ሁለት ዋጋ

ክፍል መራጩ ለይቶ ማየት ያለበት ሁለት ነገር አለ፤ ከውጭ የሚገባ ጩኸትና ከውስጥ የሚፈጠር ማስተጋባት። የመጀመሪያውን ለመከላከል ከባድ ግድግዳ፣ ድርብ መስኮትና ቀዳዳ የሌለው በር ያስፈልጋል። ይህ የግንባታ ሥራ በመሆኑ ወጪው ከባድ ነው፤ ተከራይ ሲወጣም ይዞት አይሄድም። ሁለተኛው ግን በወፍራምና ለስላሳ ዕቃ ይታከማል። ስለዚህ ጸጥታን በምርጫ ማግኘት፣ ማስተጋባትን በገንዘብ ማከም አዋጪው ስሌት ነው።

ቤት ደላላው በመረጠው ሰዓት ብቻ መታየት የለበትም። ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ ቀን ላይ የግንባታ ሥራና የቆራሌው ጥሪ፣ ማታ የመጠጥ ቤት ሙዚቃና የውሻ ጩኸት ይኖራል። በሦስቱም ሰዓት ስልክ ከፍቶ ለሁለት ደቂቃ ባዶውን ክፍል መቅረጽና በጆሮ ማዳመጫ መስማት ይበቃል።

ጣሪያውም ይታይ። ከቆርቆሮ ሥር ኮርኒስ ብቻ ያለው ቤት በበጋ ቢያስደስትም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሥራ ያስፈታል። ባለፎቅ ቤት ውስጥ ከኮንክሪት ሶሌታ ሥር ያለ ክፍል ከዝናቡ ያድናል፤ ነገር ግን የላይኛው ጎረቤት ቡና ሲወቅጥ ይሰማል። የትኛው እንደሚሻል ከመዋዋል በፊት ይመዘን።

እኩል ጎን አይመረጥም

ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው እኩል የሆነ ክፍል ለድምፅ መጥፎ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በየጎኑ ሦስት ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ በ57 እና በ114 ኸርዝ አካባቢ ያሉ ድምፆች በሦስቱም አቅጣጫ ተደራርበው ይጎላሉ። 114 ኸርዝ ደግሞ በወንድ ድምፅ ወሰን ውስጥ ስለሆነ አንዳንዱ ቃል ብቻውን ያጓራል። አራት በሦስት የሆነና ጣሪያው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ያለው ክፍል ይህን ጫና ይበትነዋል።

በባዶ የብሎኬት ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ሲጨበጨብ የሚርገበገብ ጭርታ ከተሰማ ፊት ለፊት የተያዩት ግድግዳዎች ድምፁን እየተቀባበሉት ነው። መድኃኒቱ ፍራሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ምንጣፍና ልብስ የሞላው ቁም ሳጥን ነው። ስስ መጋረጃ ግን ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ውጦ ወፍራሙን ስለሚተው ድምፁ የታፈነ ይመስላል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው የእንቁላል ካርቶንም ጩኸት አያግድም፤ ማስተጋባትንም በሚገባ አይውጥም፤ ይልቁንም እሳት ይጠራል።

አቀማመጡም ገንዘብ ያድናል። ብዙዎች የሚገዙት ካርዲዮይድ የሚባለው ማይክሮፎን ከፊቱ ያለውን ሲሰማ ከጀርባው ያለውን ያዳክማል። ስለዚህ ፍራሹ መቆም ያለበት ከማይክሮፎኑ ኋላ ብቻ ሳይሆን በተለይ ከድምፃዊው ጀርባ ነው። ድምፃዊው ከክፍሉ መሐልና ከማዕዘኑ ርቆ፣ ከአንዱ ግድግዳ የርዝመቱን ሲሶ ያህል ገባ ብሎ፣ ከማይክሮፎኑም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቢቆም የክፍሉ ድርሻ ይቀንሳል።

ለተከራዮች የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ይህም ወጪን በ24 ወር አካፍሎ ለማስላት ያመቻል። ሆኖም ግድግዳ ላይ ከሚመረግ ይልቅ በእንጨት ፍሬም ተወጥሮ የሚቆም፣ ሲወጡም ተሸክመውት የሚሄዱት ነገር ይመረጣል። ክፍሉን ለሥራ ማዋል ለአከራዩም አስቀድሞ ቢነገርና በውሉ ቢሰፍር ኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ክፍል፣ ፍራሽ፣ ከዚያም ማይክሮፎን ነው። ለመጀመሪያው ምርመራ የሚጠየቀው መዋዕለ ንዋይ የሚያጨበጭቡ ሁለት እጆችና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው።